ወረቀት የሌለው ጉልበት ለማን ይረክሳል?

«ካፋላ ቀረ» የሚል ቪዲዮ በየጊዜው ቲክቶክ ላይ ይዞራል። ዜናው ሞጣም ቢቸናም ይደርሳል። ሳዑዲ ለመሄድ ልቡ ለተነሳ ወጣት ደግሞ «ሕጉ ላልቷል፣ እዚያ ከደረስክ ወረቀቱ አይቸግርም» ተብሎ ይተረጎምለታል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ሕግ ሲሻሻል ማን ውስጥ እንደገባ ማን ውጭ እንደቀረ ሳያዩ ሻንጣ ማሰር በኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

መጀመሪያ ግን ለምን ይሄዳሉ? የተለመደው መልስ «ደላላ አታሏቸው» ነው። ደላላ አለ፣ ያታልላልም። ግን ከደላላው በፊት ስሌት አለ። በአማራ ክልል ትልቁ የገበሬ መሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ነው፤ ምሥራቅ ጎጃምም ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የተወለደ የገበሬ ልጅ መሬት የሚያገኘው በዋናነት ከወላጅ በውርስ ወይም በስጦታ ነው። ካልሆነ ተከራይቶ ወይም የእኩል ያርሳል፣ ወይም ሰሊጥ ሲደርስ ወደ መተማ ይወርዳል።

ሁለተኛው ስሌት ምንዛሬ ነው። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ 1,000 ሪያል ማለት 267 ዶላር ገደማ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር፣ ይህ ገንዘብ 15,000 ብር ገደማ ይሆን ነበር። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር አለፈ። ያው 1,000 ሪያል 32,000 ብር ሆነ ማለት ነው። እዚህ ደመወዝ በዚያ ልክ እንዳላደገ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ «አትሂዱ» የሚለው ምክር ብቻውን ሰው አያስቀርም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ሳዑዲ ውስጥ ሰው ወረቀት አልባ የሚሆነው በየመን በኩል ድንበር ሲያቋርጥ ብቻ አይደለም። ለዑምራ ወይም ለሐጅ ገብቶ ቪዛው ያለፈበትም አለ። ብዙ ሰው የማያስበው ግን ሦስተኛው መንገድ ነው፤ በሕጋዊ ቪዛ ገብታ፣ ደመወዝ ሲከለከላት ወይም ስትበደል ከቤቱ የወጣች ሠራተኛ። አሠሪው «ጠፍታለች» ብሎ ሲያመለክት «ሁሩብ» ይመዘገብባትና ኢቃማዋ ዋጋ ያጣል። ትናንት ሕጋዊ የነበረችው ዛሬ ተፈላጊ ትሆናለች። በደሉን የፈጸመው ሰው ቤቱ ተቀምጧል።

ይህን በገበያ ቋንቋ እንየው። ጤፍ ጭናችሁ ሞጣ ገበያ ወጣችሁ እንበል። «ለዚህ ነጋዴ ካልሆነ ለማንም መሸጥ አትችሉም፤ ትታችሁት ከሄዳችሁም ትታሰራላችሁ» ብትባሉ ዋጋውን ማን ይወስናል? ነጋዴው ነው። ካፋላ የሚባለው አሠራር ጉልበትን እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፤ ደመወዙ ሲቀር ለፖሊስ ቢያመለክት መጀመሪያ የሚታሰረው እሱ ነው። አሠሪው ይህን ስለሚያውቅ ደመወዙን ሲቆርጥም ሲያዘገይም አይፈራም። የወረቀቱ አለመኖር ለአሠሪው ቅናሽ ሆነለት ማለት ነው።

በ2013 መጋቢት ሳዑዲ የሥራ ገበያ ማሻሻያ ብላ ያወጣችው ሕግ ይህን በከፊል ነካክቶታል። ሠራተኛ አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ፈቅዷል። ግን የቤት ሠራተኞች፣ የግል ሾፌሮች፣ አትክልተኞች፣ የእርሻ ሠራተኞችና እረኞች ከማሻሻያው ውጭ ሆኑ። እህቶቻችን በብዛት የሚሠሩት ቤት ውስጥ ነው። በየመን የሚገባው ወንድማችንም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እረኝነት ወይም እርሻ ነው። ቪዲዮው ይህን አይነግራችሁም።

ቅጣቱስ? በወረቀት ላይ ሁለቱም ወገን ይቀጣል። የሳዑዲ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በየሳምንቱ በሚያወጣው መግለጫ ሕገ ወጥ ሰው ያስገባ፣ ያጓጓዘ ወይም ያስጠለለ እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት እንደሚጠብቀው ያስታውቃል። ግን በጅምላ ተጭኖ የሚመለሰው ሠራተኛው ነው። በ2006 የምሕረት ጊዜው ሲያልቅ በተጀመረው አፈሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። መጋቢት 2009 ሌላ ዘመቻ ተጀመረ፤ የዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት እንደሚለው ከግንቦት 2009 እስከ መጋቢት 2011 ድረስ 260,000 ገደማ ሰው ተመለሰ። በ2014 መጋቢት ደግሞ ከ100,000 በላይ ሰው ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ። ሥራው ግን እዚያው አለ፣ አሠሪውም እዚያው አለ። ቦታው ሲለቀቅ የሚተካው ሌላ ወጣት ነው።

ይህ የሳዑዲ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ሕግ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ሕጋዊ አድርጋ፣ በዚያው ሕግ ወረቀት አልባ ሠራተኛ የሚቀጥር አሠሪ እንዲቀጣ ደነገገች። ሕጉ ግን አሠሪው «እያወቀ» መቅጠሩ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ የቀረበለት ወረቀት እውነተኛ ከመሰለ ግዴታውን ተወጥቷል። ሐሰተኛ ወረቀት ተስፋፋ። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ወረቀት አልባው ሕዝብ 12 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። አሠሪው ላይ የማይጠብቅ ሕግ የትም አገር ውጤቱ ይመሳሰላል።

እኛስ? በ2006 መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አገደ። የታሰበው ዜጋን ለመጠበቅ ነበር። ግን የተዘጋው ሕጋዊው በር ነው፤ የየመኑ በር ሲከፈትም ሲዘጋም መንግሥትን አይጠይቅም። እገዳው የተነሳው በ2010 ነው። በመካከሉ የወጣው አዋጅ 923/2008 እና በ2013 ያሻሻለው አዋጅ 1246 ጥሩ ጥሩ ነገሮች አሏቸው። ችግሩ ሕጋዊው መንገድ ውድና ረጅም መሆኑ ነው። በ2016 መጨረሻ በወጣው ታሪፍ መደበኛ ፓስፖርት 5,000 ብር፣ በሁለት ቀን የሚወጣው 25,000 ብር ሆኗል። በዚያ ላይ ሥልጠና፣ ምዘና፣ የጤና ምርመራ አለ። መንገድ በሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት በሚጠፋበት ጊዜ ይህን ሁሉ ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ እየተመላለሱ መጨረስ ቀልድ አይደለም። ደላላው ግን ቤት ድረስ ይመጣል፣ በዱቤም ይወስዳል።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህ ነው። ሕገ ወጥ ስደት የሚቀንሰው ሕጋዊው መንገድ ከደላላው ሲረክስና ሲቀርብ ነው። የፓስፖርትና የምዘና አገልግሎት እንደ ሞጣ ወዳሉ ከተሞች ይውረድ። ከሳዑዲ ጋር የሚደረገው ድርድር ስንት ሰው እንደሚላክ ብቻ ሳይሆን፣ የቤት ሠራተኛና እረኛ አሠሪ መቀየር እንዲችሉ ይጠይቅ። ደመወዝ ሳይከፈለው የተመለሰ ሰውም ከዚህ ሆኖ የሚከስበት መንገድ ይኑር። ቁጥር መላክ ቀላል ነው፤ መብት መደራደር ነው ከባዱ።

እስከዚያው ግን ስልካችሁ ላይ ብታስቀምጡት የሚጠቅም ነገር አለ። በአዋጅ 923 መሠረት የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድኑን ወጪ የሚከፍለው አሠሪው ነው። የእናንተ ድርሻ እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና የሰነድ ማረጋገጫ ያሉት ናቸው። «ለቪዛና ለትኬት ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው ከመጣ ሕግ እየጣሰ ነው። ውሉ ከተጣሰ ደግሞ የላከው ኤጀንሲ ከአሠሪው ጋር አብሮ ተጠያቂ ስለሆነ የውሉን ቅጂ ፎቶ አንስታችሁ ለቤተሰብ ላኩ። የኤጀንሲው ስምና የፈቃድ ቁጥርም አብሮ ይኑር። እዚያ ስልክ ቢነጠቅ እንኳ ወረቀቱ ሞጣ ይገኛል፤ ክስ የሚጀመረውም በእሱ ነው።