«እንግሊዝኛህን አስተካክል» ምክር አይደለም

ዛሬ ስለ ትኩሳት ወይም ስለ ክትባት አልጽፍም። የምጽፈው ልጃችሁን ስለሚያክመው ሐኪም የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። «እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉ፤ በጣም ያገባችኋል።

በአገራችን አንድ ሐኪም ስፔሻሊስት ለመሆን፣ አንዲት ነርስ ማስተርሷን ለመጨረስ ጥናት ሠርተው በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ብዙዎቹ ግን አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ፣ በትግርኛ ወይም በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛን ያወቁት ከክፍልና ከመጽሐፍ ነው። የጥናት ጽሑፍ አጻጻፍን ደግሞ ደረጃ በደረጃ ያስተማራቸው ብዙ ጊዜ የለም።

እኔ ሬዚደንት ሳለሁ የመጀመሪያው ረቂቄ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ተመለሰልኝ። ዳር ላይ የተጻፈው «እንግሊዝኛህን አስተካክል» ብቻ ነበር። የቱን? እንዴት? ስለ ጥናቱ ሐሳብ አንድም ቃል አልተባለም። አንድ ታካሚ «አመመኝ» ሲለን «ተሻለህ ና» ብለን እንመልሰዋለን?

እንዲህ ያፈረ ተማሪ ምን ያደርጋል? አንዱ ከሌላ ሰው ጥናት ይገለብጣል። ሌላው ከፍሎ ያጽፋል። አሁን ደግሞ ስልኩ ላይ ያለው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይጽፍለታል። ጽሑፉ ያምራል፣ ተማሪው ይመረቃል። ግን ማስረጃ መመዘን ሳይማር ወጣ ማለት ነው። ነገ ለልጃችሁ መድኃኒት የሚመርጠው ይኸው ሰው ነው።

«ታዲያ የእንግሊዝኛው ደረጃ ይውረድ ነው የምትለው?» የሚሉኝ አሉ። አይደለም! ደረጃው ይጠበቅ፣ ወደ ደረጃው የሚያደርሰው ትምህርት ግን ይሰጥ ነው የምለው።

ደግሞም ብዙ ቋንቋ ማወቅ ጉድለት አይደለም። አንዲት እናት «ልቤን ያቃጥለኛል» ስትል ብዙ ጊዜ ጨጓራዋን ማለቷ እንደሆነ የሚያውቀው ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው ነው። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ በቀጥታ ተተርጉሞ «ልብሽን ያምሻል ወይ?» ብሎ ቢጠይቃት መልሷ ጥናቱን ያበላሻል። ይህን ስህተት የሚይዘው ያ በእንግሊዝኛው የተሸማቀቀው ተማሪ ነው።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የምለው ይህ ነው፦

1. የጽሑፍ ትምህርት ከመጀመሪያው ዓመት ይጀመር፤ መመረቂያ ሲደርስ አይደለም።
2. አማካሪ መጀመሪያ ሐሳቡን ይመልከት፣ ሰዋስውን በመጨረሻ።
3. ተማሪው በፈለገው ቋንቋ አስቦና ተወያይቶ ረቂቁን ቢጀምር አይከልከል።
4. እያንዳንዱ ጥናት በታካሚዎቹ ቋንቋ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይኑረው።

እናንተም ድርሻ አላችሁ። ተማሪ መጠይቅ ይዞ ሲመጣና ፈቃዳችሁን ሲጠይቅ «ውጤቱን በምን ቋንቋ ትነግሩናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው። ልጆቻችሁንም እንግሊዝኛ እንዲለምዱ ብላችሁ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ቤት ውስጥ አትከልክሏቸው። በራሱ ቋንቋ አጥርቶ መጻፍ የለመደ ልጅ ሌላውንም ለመማር መሠረት አለው።

ከእናንተ በተወሰደ ደም፣ በእናንተ ቃል የተሠራ ጥናት እናንተ የማታነቡት ሆኖ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሊጠጣ አይገባም። በጥናት ተሳትፋችሁ ውጤቱን የሰማችሁ አላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።