ግድግዳው ጭቃ ነበር

እናቴ የተቀበረች ቀን ድንኳኑ ጢም ብሎ ነበር። ከእድርተኛው አንድም ሰው አልቀረም። ሴቶቹ ደረት መቱ፤ ወንዶቹ ሬሳውን ለመሸከም ተሻሙ። እስከ ዛሬ «እናትሽ የታደለች ናት፣ ለቀብሯ የወጣውን ሰው አይተሻል?» ይሉኛል። አይቻለሁ። አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ።

እናቴ እንጨት ተሸካሚ ነበረች። ጎህ ሳይቀድ እንጦጦ ትወጣለች፤ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሸክም አዝላ፣ ወገቧ ጎብጦ ሽሮ ሜዳ ትወርዳለች። የሸጠችበትን ብር አባቴ አረቄ ቤት ያገባዋል። ሲመለስ ይደበድባታል። የቀበሌ ቤት ነው የምንኖረው፤ ከጎረቤት የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጎረቤታችን ሲያስል እኛ ቤት ይሰማል። ታዲያ እናቴ «ኡኡ!» ስትል እንዴት አልተሰማም?

ተሰምቷል! ጠዋት ቦኖ ውሃ ላይ ስንገናኝ ዓይናቸውን ይሰብሩ ነበር። «የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ይታረቃሉ።» «ገመና ነው፣ ቤት ይቁጠረው።» ቤቱማ ቆጠረው። ቤቱ እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜን አቅፌ አልጋ ሥር ሆኜ እያንዳንዷን ምት ቆጥሬያለሁ።

በ1999 ዓ.ም. ክረምት ሞተች። «ውጋት ነው» አሉ። ጎኗን የተመታች ሌሊት ጩኸቷን የሰሙት ሰዎች ናቸው «ውጋት» ያሉት። ከዚያ ሌሊት በኋላ እንኳ ሦስት ቀን እንጨት ተሸክማለች። ድንኳኑ ውስጥ ዋናው ቦታ ላይ ማን ተቀመጠ? አባቴ። ሰው ሁሉ በየተራ «እግዜር ያጽናህ» አለው። እኔ ሳለቅስ ግን «በቃሽ፣ ከእንግዲህ እናቱ አንቺ ነሽ» ብለው ወንድሜን አሳቀፉኝ። 13 ዓመቴ ነበር! ለእኔ ማን ነበር እናቴ? ዛሬ ደግሞ «ችግር ነው ሰው ያደረገሽ» የሚሉኝ አሉ። ችግር እናቴን ወሰደብኝ። ሌላ ያደረገልኝ ነገር የለም።

ሕግ አልነበረም እንዳትሉኝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛውን የሚደበድበውን ያስቀጣል። እናቴ ስትሞት ሕጉ ነበረ። በር የሚያንኳኳ ሰው ነው የጠፋው።

ደሜን የሚያፈላው ግን እድሩ ነው። ጦማችንን ያደርንባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው፤ እናቴ የእድር ያልከፈለችበት ወር ግን የለም። የምታርፍበትን ድንኳን በጀርባዋ ተሸክማ ነው የገዛችው። ከቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። ከቀብር ለቀረ ቅጣት ያለው ማኅበር፣ ሴት ስትደበደብ እየሰማ ለተኛ ምን ደነገገ? ምንም! «እድር የቀብር ነው» ይሉኛል። ውሸት! ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ሲያረግፍ ብዙ እድሮች ደንባቸውን ለውጠው በሽተኛ አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ረድተዋል። በቁም መድረስ ይቻላል ማለት ነው። ታዲያ እዚህ ላይ ምን ያዛቸው? በሽታ የእድር አባል አይደለም። ደብዳቢው ግን አባል ነው፤ መዋጮ ይከፍላል፣ ሬሳ ይሸከማል፣ ቅዳሜ አብረውት ይጠጣሉ።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ጆሮአችሁ ላይ ትራስ ደርባችሁ ያነጋችሁትን ሌሊት አልረሳችሁትም። ጠዋት ያቺን ሴት «እንዴት አደርሽ?» ስትሏት አንደበታችሁ አልተሳሰረም?

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ከጎን ቤት ያንኑ ድምፅ ሰማሁ። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁና በሩን በጡጫዬ ደበደብኩት። ባልየው ከፈተ። «አንቺ ምን አገባሽ?» አለኝ።

«ያገባኛል» አልኩት። ከኋላው ልጅ ታለቅሳለች። የሰው ያለህ ብዬ ጮኽኩ። ዞር ስል በግቢው ሦስት ቤት መብራት በርቶ ነበር። አንድ በአንድ ጠፋ።