ሲዝን ሦስት መቼ ነው?

ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንድ የቀድሞ መምህር አሉ። ከጋምቤላ ተመልሼ ያየሁትን ሳወጋቸው ሳቁብኝ። «ጺሙ ያቀመቀመ ጎረምሳ የጃፓን ካርቱን ቀጣዩ ክፍል መቼ ይመጣል እያለ ይጠብቃል? ሥራ ፈት በለኛ!» አሉ። ያን ዕለት ዝም አልኩ። ዛሬ ግን መልስ አለኝ።

ያየሁት ይህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም ሳልርቅ፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግና በሚሞሪ ፊልም የሚጭን አንድ ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ጥላ ሥር ቆሜ ነበር። ሦስት ልጆች መጡ። እርስ በርሳቸው በአኙዋክኛ፣ ከባለ ሱቁ ጋር በአማርኛ ይነጋገራሉ። «ብሉ ሎክ ሲዝን ሦስት ገባ?» አልገባም። ባለ ሱቁ አንድ የተጨማደደ ደብተር አወጣ፤ ሲገባ የሚደወልላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ነው። ሁለት ገጽ ሞልቷል።

ለማያውቀው አንባቢ፣ «ብሉ ሎክ» በሙኔዩኪ ካኔሺሮ ድርሰትና በዩሱኬ ኖሙራ ሥዕል እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በየሳምንቱ በመጽሔት ሲታተም የቆየ ማንጋ፣ ማለትም የሥዕል ልቦለድ ነው። ጃፓን በዚያው ዓመት ከዓለም ዋንጫ ተሰናበተች። በልቦለዱም ከሽንፈቱ በኋላ 300 ወጣት አጥቂዎች ተሰብስበው ይቆለፍባቸዋል፤ አንድ ወደር የሌለው፣ ለራሱ ብቻ የሚያስብ ጎል አዳኝ እስኪወጣ ድረስ። ዋናው ልጅ ኢሳጊ፣ ጎል ፊት ደርሶ ኳሷን ለጓደኛው በማቀበሉ ቡድኑ የተሸነፈበት ነው። በቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2022 ተጀመረ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በ14 ክፍል አለቀ። ሥዕሉ መንቀሳቀስ ትቶ መቆም አበዛ ተብሎ በዓለም ዙሪያ ተብጠለጠለ። ጋምቤላም ፍርዷ ያው ነው፤ «ኳሷ ትበራለች፣ ሰዎቹ ይቆማሉ!»

እና ለምን ይጠብቁታል? ኡመድ ኡኩሪ ከዚህ ተነሥቶ ብሔራዊ ቡድን ገብቷል፣ ግብፅ ድረስ ተሻግሮ ተጫውቷል። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በጭቃ ሜዳ ለሚሮጥ ልጅ፣ «መራጩ እኔን ያየኝ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ተረት አይደለም። ከሦስቱ አንዱ «እኔ ብሆን ኖሮ አላቀብልም ነበር» ሲል ጓደኛው ሳቀበት፤ «እሑድ አቀብለህ አይደል የተሸነፍነው?»

ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና እርስዎም ጠብቀዋል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ቀጣዩን ክፍል ሲጠባበቅ የኖረው የእርስዎ ትውልድ ነው። ያን ጊዜ ሥራ ፈት ያልዎት ነበር? «ያ የራሳችን ነው፤ የራሳቸውን ተረት ለምን አይጠብቁም?» ይሉኝ ይሆናል። ከወንዝ ወጥቶ በዓሣ የሚጣሉ ልጆችን የዳኘውን፣ የአኙዋክ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚመዘዝበትን ሰው ታሪክ አያቶቻቸው ያወጉታል። እንዲጠብቁት አድርጎ፣ በየወሩ እየሣለ ያተመላቸው ማን ነው? እርስዎ ነዎት? እኔ ነኝ? እኛ የመጽሔት ሰዎች ነን?

ጃፓን ውስጥ የአንባቢ ተስፋ አድራሻ አለው። የእግር ኳሱን «ካፒቴን ጹባሳ» እ.ኤ.አ. በ1981 ያስጀመረው ሳምንታዊው «ሾነን ጃምፕ» በ1990ዎቹ አጋማሽ ከስድስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር። በውስጡ በሚገኘው ፖስት ካርድ ላይ አንባቢው የወደደውን ጽፎ ይልክ ነበር፤ የትኛው ታሪክ እንደሚቀጥል፣ የትኛው እንደሚቋረጥ ሲወሰን የአንባቢው ድምፅ ትልቅ ክብደት ነበረው። የቅርጫት ኳሱ «ስላም ደንክ»ም ሳይጨረስ በ1996 ከቴሌቪዥን ወርዶ፣ የቀረው ታላቅ ግጥሚያ በፊልም የታየው በ2022 ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀ አለ ማለት ነው! የጋምቤላው ልጅ ግን በዶላር የሚከፍልበት ካርድ የለውም። የሚያየው የተቀዳ የተገለበጠውን ነው፤ ስለዚህ ቶኪዮ ውስጥ አንድም ሰው አይቆጥረውም። (እናንተ ልጆችም አትቀየሙኝ፤ አምስት ሳንቲም ሳትከፍሉ ሠዓሊውን ሰነፍ ማለት ትንሽ ይከብዳል።)

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ሲያመጣ የኪነ ጥበብ ሰዎቻችን ተቆጡ፤ ቤተሰቡ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ አለ። የቱርክን እመቤት በአማርኛ ያናገረ አገር ኢሳጊን ማናገር ያቅተዋል? መብቱን በሕግ ገዝቶ፣ በአማርኛ ተርጉሞ፣ ማስታወቂያ የሚያስገባ ጣቢያ ያን ጊዜ የጋምቤላን ተመልካች ይቆጥረዋል፤ የኛን ሠዓሊም ለወንዙ ሰው ታሪክ የሚከፍለው ያገኛል። ወጣቱን ሥራ ፈት ማለት ግን ርካሽ ነው፤ ወጪ የለውም።

እኔ ያን ቀን የመጀመሪያውን ምዕራፍ 24 ክፍል በፍላሽ አስጭኜ፣ ብዕር ተውሼ በሦስተኛው ገጽ አናት ላይ ስሜን ጻፍኩ። ልጆቹ አይተው ሳቁ። «አዲስ አበባ ቀድሞ ይገባል» አለኝ ያ ኳስ ያቀበለው። «አንተ ነህ የምትደውልልን።»