ለወንድምህ የማትሰጠውን ውክልና ለማሽን

ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ወጥቶ አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር ለከተመ ሰው ውክልና ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ቤቱን ለወንድሙ ትቶ ሲሄድ ሰነድ አረጋጋጩ ፊት ይቀርባል። «ማከራየት ብቻ ነው ወይስ መሸጥም ይጨምራል?» ተብሎ ይጠየቃል። ወንድሙ ነው፣ ከአንድ ማዕድ በልተው ያደጉ ናቸው። ቢሆንም ይጠየቃል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። በቁጥር 2203 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ስጦታ ለማድረግ በ2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወኪሉ በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ሂሳቡን ያሳያል። ወካዩ ባሻው ጊዜ ውክልናውን ይሽራል።

አሁን ወደ ማሽኑ ወኪል እንምጣ። ኤአይ ኤጀንት የሚሉት ጥያቄ መልሶ የሚያበቃ ቻትቦት አይደለም። ኢሜይል ይከፍታል፣ ሲስተም ውስጥ ይገባል፣ ፎርም ይሞላል። ለመግባት ደግሞ የይለፍ ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ የይለፍ ቃሎች ከተቆለፉበት ማከማቻ እያወጣ የሚያቀብለው መሣሪያ ይገጠምለታል፤ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ የሚገልጽ ጽሑፍም አብሮ ይዘጋጃል። ብዙ ፕሮግራመር ይህን ጽሑፍ ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ እንደሚወጣ መመሪያ ያየዋል፤ ማንም አያነበውም ብሎ በመጨረሻዋ ሰዓት ይጽፈዋል። ግን የሚያነብ አለ። ኤጀንቱ ራሱ ያነበዋል፤ መሣሪያውን መቼና ለምን እንደሚጠራ የሚወስነው ያንን አይቶ ነው። የውክልና ደብዳቤው ይኸው ነው።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ያስገጠመውን እንድፈትሽ ተጠርቼ ነበር። ጽሑፉ በሙሉ አንድ መስመር ነው፦ «ሲያስፈልግ የይለፍ ቃል ያመጣል።» ለማን ሲያስፈልግ? የየትኛውን? የኢሜይሉም፣ የደመወዝ መክፈያውም ቁልፍ እዚያው ናቸው። ለኤጀንቱ አንድ የሙከራ ደብዳቤ ላክሁ። ከታች በነጭ ቀለም፣ ለዓይን በማይታይ ፊደል፣ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል በመልሱ ውስጥ እንዲያስገባ ጻፍሁበት። ሄዶ አመጣው። በረቂቅ መልሱ ላይ አስቀምጦልኝ ጠበቀ፤ «ላክ» የምትለዋን ቁልፍ የሚጫን ሰው ባይኖር ኖሮ ይልከው ነበር። ይህ የእኔ ብልሃት አይደለም። ኦዋስፕ የተባለው የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅት በቋንቋ ሞዴሎች ላይ ከሚደርሱ አደጋዎች አንደኛ አድርጎ የመዘገበው ይህንኑ ነው።

«ዘርዝረን ከጻፍነው ለሌባ መንገድ እናሳያለን» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር አርጅቷል። ኦገስት ኬርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 ምስጢር መሆን ያለበት ቁልፉ እንጂ የመቆለፊያው አሠራር እንዳልሆነ ጽፏል። ቁልፉን ማንም አሳዩን አላለም። ማን እንደሚከፍት፣ በማን ፈቃድ እንደሚከፍት ግን ንገሩን። ሌላው ደግሞ «ገደቡ በኮዱ ውስጥ ነው መኖር ያለበት፤ ጽሑፍ ሌባ አያስቆምም» ይላል። ልክ ነው፤ ጽሑፍ ብቻውን አያስቆምም። ግን ገደቡ ካልተጻፈ፣ ኮዱ ገደቡን መጠበቁን በምን እናመሳክራለን?

ነገሩ የአዲስ አበባ ሰዎች ጨዋታ የሚመስለው አይጠፋም። ጋይንት ያለችው አክስቴ ኤጀንት የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። የቴሌብር ቁጥሯን እንኳ የምታውቀው የሱቁ ልጅ እስካስታወሰላት ድረስ ነው፤ «ልጄ አንተው አስገባልኝ» ብላ ስልኩን ታቀብለዋለች። የፋይዳ ቁጥሯ፣ የባንክ ሂሳቧ፣ ስሟ ግን እሷ ደጁን ረግጣ በማታውቀው ቢሮ ሲስተም ውስጥ አሉ። በ2015 ኢንተርኔት ተቋርጦ ክልሉ ለወራት ሲቆይ፣ ስንቱ የአማራ ክልል ወጣት የኢሜይሉንና የፓስፖርት ማመልከቻውን የይለፍ ቃል አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በስልክ ሲያነብ ነበር? ያ ዘመድ ቢያንስ ስም አለው፤ ለቅሶ ላይ ታገኘዋለህ፣ ሽማግሌ ትልክበታለህ። ኤጀንቱን በማን ትከሰዋለህ?

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እንግዲያው ባንኩም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም፣ ሶፍትዌር ሻጩም የኤጀንታቸውን ውክልና በአማርኛ ጽፈው ያሳዩን። የትኞቹን ቁልፎች ብቻ እንደሚነካ፤ የይለፍ ቃሉን ሞዴሉ ራሱ ያየዋል ወይስ ሲስተሙ ከኋላ ሆኖ ያስገባለታል (ያየዋል ካሉ ከዚያ ወዲያ ማንበብም አያስፈልግም)፤ ያገኘው ፈቃድ በስንት ደቂቃ እንደሚያበቃ፤ ገንዘብ ከማንቀሳቀሱ በፊት የትኛው ሰው እንደሚፈቅድ፤ እያንዳንዱ መክፈት የት እንደሚመዘገብ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ችግር ቢፈጠር ማን እንደሚሽረው።

ያ መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃሎቹን ቀይሯል። ጽሑፉን ባለፈው ሳምንት ጠየቅሁ፤ ያቺው አንድ መስመር ናት።