ርካሽ እየገዙ መክሰር

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ወለጋ ሄጄ ሳለሁ ጊምቢ አጠገብ የሚኖሩት አጎቴ ከቡና ማሳቸው ዳር ቆመው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ከጥቂት ቀናት በፊት ሁለት ወጣቶች ስልክ ይዘው መጥተው ማሳውን ዙሪያውን በእግራቸው እየዞሩ ለክተው፣ መዝግበው፣ አመስግነው ሄደዋል። «ምን ፈልገው ነው? ግብር ሊጨምሩብኝ ይሆን?» አሉኝ። ግብር እንዳልሆነ ነገርኳቸው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ፣ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት የመጣ ቡና ገበያው እንዳይገባ ከልክሏል። ደንቡ በሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተደጋግሞ ቢገፋም፣ ላኪዎቹ ከወዲሁ የእያንዳንዱን ገበሬ ማሳ በካርታ ላይ እያኖሩ ናቸው። አጎቴ ይህን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እኔ ለአንድ ኩንታል ቡና ይህን ያህል ከተጠየቅሁ፣ ከተማ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ ያ ሁሉ የካሳ ፎርማ እንጨት ከየት እንደ መጣ ማን ጠየቀ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ነገር ግን ጥያቄው ለእርሳቸው ብቻ የሚተው ስላልሆነ ወደዚህ መጽሔት አምጥቼዋለሁ።

ውድ አንባብያን፣ በነቀምት፣ በሻምቡ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ ከሁሉ የበለጠው ገዥ ማን ነው? ባለ ሱቁ አይደለም፤ ቡና ነጋዴውም አይደለም። መንግሥት ነው። ሲሚንቶውን፣ ፌሮውን፣ ቆርቆሮውን፣ የተማሪውን ወንበር፣ የጽሕፈት ቤቱን ወረቀት፣ የማዕድ ቤቱን ማገዶ በብዛት የሚገዛው እርሱ ነው። እርሱ የጠየቀውን ነጋዴው ያመጣል፤ እርሱ ያልጠየቀውን ማንም አያመጣም። ታዲያ ይህ ትልቅ ገዥ ፖስታው በሚከፈትበት ቀን የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ዋጋው ስንት ነው? ስንት ዓመት ያገለግላል? ለማሠሪያው ምን ያህል ነዳጅ፣ ምን ያህል ውኃ ይበላል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ሲያረጅስ የት ይጣላል? እነዚህ አይጠየቁም። ዝቅተኛውን ቁጥር የጻፈው ያሸንፋል፤ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከማውቀው ልጀምር። በወለጋ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ እኔ አንደኛ ደረጃ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ አንድ አዲስ መማሪያ ክፍል ተሠርቶልን ነበር። ስንገባበት ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በሦስተኛው ክረምት ጣራው ማፍሰስ ጀመረ፤ ስምንተኛ ክፍል ሳልደርስ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ቆርቆሮ በጌጅ ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅና 35 ጌጅ በዓይን ለሚያየው ሰው አንድ ናቸው፤ በጨረታው ወረቀት ላይ «ቆርቆሮ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አሸናፊው ሁልጊዜ ስሱ ነው። እንበልና ስሱ 100 ብር፣ ወፍራሙ 140 ብር ይሁን፤ ስሱ 8 ዓመት፣ ወፍራሙ 24 ዓመት ያገልግል። በ24 ዓመት ውስጥ ስሱን የገዛው ሦስት ጊዜ፣ ማለትም 300 ብር ይከፍላል፤ የአናጢው ጉልበት፣ ምስማሩና የበሰበሰው ጣውላ ሳይቆጠር። ይህ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ደግሞ ከጣራው ሥር ዝናብ እየመታቸው ተቀምጠው ነበር።

«ሕጉ እንዲህ ያስገድደናል» የሚሉ አሉ። እውነት አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው የቴክኒክ መመዘኛውን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን መምረጥ ነው። ሁለተኛው ግን፣ ገዥው መሥሪያ ቤት ኢኮኖሚያዊ ጥቅም የሚያስገኙ ተጨማሪ መመዘኛዎችን አስቀድሞ በጨረታው ሰነድ ላይ ካኖረ፣ በእነርሱ ሚዛን የተሻለውን እንዲመርጥ የሚፈቅድ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 እስኪተካ ድረስ ይህ በር ክፍት ሆኖ ኖሯል። ክልሎችም የራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው። በሩ አለ፤ የሚገባበት ሰው ነው የጠፋው። ለምን ቢባል፣ ዝቅተኛውን ዋጋ የመረጠ ሹም ማንም አይጠይቀውም፤ ጥሩውን የመረጠ ግን ኦዲተር ሲመጣ ያልበዋል።

እዚህ ላይ ከባድ የሆነውን ተቃውሞ ሳልሸሽ ልናገር። አንድ የማከብራቸው መምህር፣ «ቁጥር ቢያንስ አይዋሽም፤ ዝቅተኛውን ዋጋ ትተህ ‹ጥራት› ያልህ ዕለት ለጉቦ በር ከፈትህ» ብለውኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በሚባልበት አገር ይህ ባዶ ፍርሃት አይደለም። መልሴ ግን ይህ ነው፤ መመዘኛው ፖስታው ከተከፈተ በኋላ በሹሙ ልብ ውስጥ ቢወለድ ጉቦ ነው፤ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት በቁጥር ተጽፎ፣ ለዕድሜው ይህን ያህል ነጥብ፣ ለነዳጁ ይህን ያህል ነጥብ ተብሎ በበሩ ላይ ቢለጠፍ ግን እንደ ዋጋው ሁሉ እርሱም ቁጥር ነው። ደግሞስ ዝቅተኛው ዋጋ ሌብነትን መቼ ከለከለ? ስሱን ቆርቆሮ አቅርቦ የወፍራሙን ደረሰኝ የሚቆርጥ ነጋዴ የትኛው ሕግ ነው ያቆመው?

ወደ ውኃው ልለፍ። ነቀምት በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። እንግዲህ 1,000 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው ሕንፃ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ሊትር ይቀበላል፤ አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ 1,600,000 ሊትር ይቀራል። አምስት መቶ ተማሪ በቀን ሃያ ሃያ ሊትር ቢጠቀም ይህ የ160 ቀን ውኃ ነው። ሁሉንም ለበጋ አጠራቅሞ ማቆየት ውድ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ የዚያን ያህል ገንዳ ማንም አይሠራም። ነገር ግን ዝናቡ በሚወርድባቸው ወራት መካከለኛ ገንዳ እየሞላ እየተቀዳ ቢሰነብት የክረምቱን ፍጆታ ይችላል። እኛ የምናደርገው ምንድን ነው? የጣራውን ውኃ በአሸንዳ ወደ ቦይ እንለቅና ቧንቧው ሲደርቅ በቦቴ መኪና ውኃ እንገዛለን። ዴዴሳና አንገር፣ ፊንጫም ጭምር፣ ከወለጋ ወርደው ዓባይን ይገብራሉ፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ያሉት ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

ከውኃው ይልቅ ግን የሚያሳፍረኝ ማገዶው ነው። ብዙ የሕዝብ ተቋማት፣ ትምህርት ቤቱም፣ ማረሚያ ቤቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ እንጀራና ወጥ የሚያበስሉት በእንጨት ነው። እኛ ስለ አየር ንብረት ትምህርት ተምረን፣ ፈተና ተፈትነን፣ ምሳ ልንበላ ስንሄድ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ የተከመረውን እንጨት አልፈን ነው። አንድ ቀን ቆም ብዬ አየሁት። አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ መካከል መካከሉ ግን ቀላ ያለ የዋንዛ ግንድ ነበረበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እንኳ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ያ ግንድ ከገበሬ ጓሮ ይምጣ ከደን ይምጣ ወረቀቱ አይናገርም። ወረቀቱ «ማገዶ፣ በሜትር ኩብ» ይላል። በሜትር ኩብ ሲገዛ ደግሞ እርጥቡም ደረቁም እኩል ስለሚለካ አቅራቢው እርጥቡን ያመጣል፤ እርጥቡ ይጨሳል፤ ጢሱን የሚውጡት የወጥ ቤት ሴቶቻችን ናቸው። የእነርሱ ዓይንና ሳንባ በየትኛው የወጪ መደብ ላይ ተመዘገበ? በ1980ዎቹ በአገራችን የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ከታወቀ ቆይቷል። በየገበሬው ቤት «ምርጥ ምድጃ ተጠቀሙ» ብሎ የሚሰብክ መንግሥት በራሱ ማዕድ ቤት ይጀምር።

ስለ ሕንፃው ብዙ አልልም፤ የምሕንድስና ተማሪዎች ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ። የወለጋ ቀይ አፈር ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ሲሚንቶ ተጨምሮበት በመኪና ሲጨመቅ እሳት ሳይነካው ጡብ ይሆናል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተቋም ግቢ ከዙሪክ ፖሊ ቴክኒክ ጋር በመተባበር ግድግዳው ከአፈር፣ ጣራው ከአፈር ጡብ ቅስት የሆነ ባለ ፎቅ ቤት ተሠርቶ ታይቷል። ከምዕራብ ወለጋ ቆላ እስከ አሶሳ ድረስ ቀርከሃ ሞልቷል፤ በቦራክስ ውኃ ካልተነከረ ነቀዝ እንደሚበላው እውነት ነው፤ መንከር ግን ይቻላል። እኛ ግን ሲሚንቶውን ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከሙገር በኩል በከባድ መኪና እናመጣለን፤ በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ በጠፋ ጊዜ የጀመርነው ሁሉ ተገትሮ ቀረ። ከዚያም ፊቱን በመስታወት እንሸፍነዋለን፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ሠራተኛው መጋረጃ ጋርዶ መብራት አብርቶ ይሠራል። ድንጋይ አንጥፎ መንገድ መሥራት ኋላ ቀርነት መስሎን ነበር፤ ኮብልስቶን ከድሬዳዋ ተነሥቶ በየከተማው ሲዳረስ ግን የአገር ድንጋይ በአገር ልጅ እጅ ተጠርቦ ጥርጊያ ጎዳና እንደሚሆን፣ ገንዘቡም በሰፈሩ እንደሚቀር አይተናል። ያንን ያዘዘው ማን ነበር? የመንግሥት ግዥ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ፋሽን ነው ይላል። የፊንጫን ገበሬ ይጠይቀው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የፊንጫ ግድብ ሲያልቅ መብራቱ ወደ ማዕከሉ ሄደ፤ ውኃው የጮመንን ረግረግ፣ የግጦሹን መስክና እርሻውን ሸፈነ። መሬቱን ያጣው ሰው ወደ ዳገቱ ወጥቶ አረሰ፤ የታረሰው ዳገት አፈር በዝናብ ታጥቦ ወደዚያው ሐይቅ ወረደ። ለግድቡ የተከፈለው ዋጋ በውሉ ላይ የተጻፈው ብቻ አልነበረም። እዚያው ሸለቆ ውስጥ ግን ሌላውም ምሳሌ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ጭማቂው የወጣለትን አገዳ እያነደደ ኃይሉን ያመነጫል፤ ከሞላሰሱ ኤታኖል ያወጣል፤ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀመር ከዚሁ ፋብሪካ የመጣው ነበር። ቆሻሻ የተባለውን ገንዘብ ማድረግ ይህ ነው። የግል ባለ ሀብቶቻችን ይህን እያዩ የቡና ማጠቢያቸውን ጎምዛዛ ውኃ ወደ ወንዝ መልቀቃቸው፣ ከታች ያለው ሰው ከብቱን እዚያው እያጠጣ፣ ከስንፍና በቀር ሌላ ስም የለውም።

ለምን አሁን ትሉኝ እንደ ሆነ፣ ምክንያት አለኝ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል፣ ተዘግተዋል። ይታነጻሉ፤ መታነጽም አለባቸው። በቅርብ ዓመታት የሚወጡት ጨረታዎች ብዙ ናቸው። ዛሬ 35 ጌጅ ከታዘዘ፣ ገንዳ ካልታዘዘ፣ ምድጃ ካልታዘዘ፣ ለሠላሳ ዓመት የታዘዘው ያው ነው። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በአንድ ቃል መከልከል የቻለ መንግሥት፣ በአንድ ጨረታ ሰነድ ላይ አራት መስመር መጨመር አያቅተውም።

እኛስ? እኛ ስለ ሌላው ስንጽፍ ጎበዞች ነን። በሚቀጥለው የማኅበሩ ጉባኤ ላይ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ማኅበሩ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጽፎ ያለፈውን ዓመት የማገዶ ግዥ ሰነድ፣ ስንት ሜትር ኩብ፣ ከየት፣ በስንት እንደ ተገዛ፣ ግልባጩን ይጠይቅ። ከምሕንድስና ክፍል ሁለት፣ ከሒሳብ አያያዝ ክፍል ሁለት ተማሪዎች ተመርጠው ዝግ ምድጃ ቢሠራ በስንት ወር ወጪውን እንደሚመልስ ያስሉ። መምህራን ስሌቱን ይመልከቱልን። ደብዳቤውን እኔ ረቂቁን ጽፌዋለሁ፤ ሊፈርም የሚፈልግ ከማክሰኞ ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያገኘዋል።