በልክ የተቀመመ ሱስ

ስለ ሲጋራ በተነሣ ቁጥር ከተማሩ ወዳጆቼ አፍ የማትጠፋ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ማንም አስገድዶ አላስጨሰውም፣ የራሱ ምርጫ ነው» የምትለው። አጭር ስለሆነች የተሟላች ትመስላለች። እኔም በግለሰብ ነጻነት የማምን ሰው በመሆኔ፣ መንግሥት በየዜጋው ጓዳ እየገባ «ይህን ብላ፣ ያን አትጠጣ» ሲል ደስ አይለኝም። ይሁን እንጂ ምርጫ ምርጫ የሚባለው መራጩ የሚመርጠውን ነገር ሲያውቅና ነገ ሐሳቡን መለወጥ ሲችል ነው። ሲጋራ ሁለቱንም ይነፍጋል። የሚነፍገውም ትምባሆ በተፈጥሮው ሱስ ስላለበት ብቻ ሳይሆን፣ የሱሱ ልክ በፋብሪካ ተቆንኖ ስለሚወጣ ጭምር ነው። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው የጤና ምክር አይደለም፤ ምክሩን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። የማነሣው የሥልጣን ጥያቄ ነው፤ ለመሆኑ በአንድ ሲጋራ ውስጥ ስንት ኒኮቲን እንዲኖር የሚወስነው ማን ነው? (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ብዙ ሰው ሲጋራ ማለት የደረቀ ቅጠል ተከትፎ በወረቀት የተጠቀለለ ይመስለዋል። አያቶቻችን በጋያ ያጤሱት ትምባሆ ከዚያ ብዙም አይርቅ ይሆናል። የፋብሪካው ሲጋራ ግን ቅልቅል ነው። ቨርጂኒያ፣ በርሌይና ኦሪየንታል የሚባሉት የቅጠል ዓይነቶች በኒኮቲን መጠናቸው ይለያያሉ። በአንድ ተክል ላይ እንኳ ከላይ ያሉት ቅጠሎች ከታችኞቹ የበለጠ ኒኮቲን ይይዛሉ። የዘንድሮ ዝናብና የአምና ዝናብ ያበቀሉት ቅጠልም አንድ አይደለም። ሆኖም አጫሹ ዛሬ የገዛው ፓኮ ከዛሬ ዓመቱ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ያገኘዋል። ይህ በአጋጣሚ አይሆንም። ቀማሚው ከየትኛው ቅጠል ምን ያህል እንደሚያስገባ አስልቶ ነው የሚሠራው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዳግም የሚሠራው ትምባሆ ነው። ከክትፎው የተረፈው የቅጠል ጅማት፣ ስባሪና ብናኝ አይጣልም፤ በውኃ ይዘፈዘፋል። ውኃው የሚሟሟውን ሁሉ፣ ኒኮቲኑንም ጭምር፣ ይዞ ይወጣል። የቀረው ገለባ እንደ ወረቀት ተዳምጦ ቀጭን ንጣፍ ይሆናል፤ የወጣው ፈሳሽም ወፍሮ መልሶ ይረጭበታል። ከዚያ ንጣፉ ተከትፎ ከሌላው ቅጠል ጋር ይቀላቀላል። አንባቢዬ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ። ኒኮቲኑ አንድ ጊዜ ከቅጠሉ ከወጣ በኋላ ምን ያህሉ ይመለስ የሚለው የተፈጥሮ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። የጠላውን ኃይል ጠማቂዋ እንደምታውቅ ሁሉ የሲጋራውንም ኃይል ሠሪው ያውቀዋል። ልዩነቱ የጠላው ጠጪ ጠማቂዋን በስም ማወቁና «ዛሬስ አክርረሽዋል» ማለት መቻሉ ነው።

ይህን የምለው ከጥርጣሬ ተነሥቼ አይደለም። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ክርክር ምክንያት የትምባሆ ኩባንያዎች የውስጥ ሰነዶች በሚሊዮን በሚቆጠሩ ገጾች ለሕዝብ ተከፍተዋል። በ1963 የብራውን ኤንድ ዊልያምሰን ኩባንያ ዋና የሕግ አማካሪ በውስጥ ማስታወሻቸው፣ ሥራቸው ሱስ አስያዥ የሆነውን ኒኮቲንን መሸጥ መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል። በ1972 አንድ የፊሊፕ ሞሪስ ተመራማሪ ደግሞ የሲጋራ ፓኮ የአንድ ቀን የኒኮቲን ስንቅ ማስቀመጫ እንደሆነ ተደርጎ እንዲታሰብ መክረዋል። ከሁለቱ አንዱም የጣዕም ወይም የክብር ወይም የነጻነት ነገር አላነሡም። እነዚያ ለማስታወቂያ ሰሌዳው የተተዉ ነበሩ።

ያው ብራውን ኤንድ ዊልያምሰን ዋይ-1 የሚባል የትምባሆ ዝርያ አዳቅሎ ነበር። የቅጠሉ ኒኮቲን ስድስት በመቶ ገደማ፣ ማለትም ከተለመደው እጥፍ ያህል ነበር። ዘሩ ወደ ብራዚል ተወስዶ እዚያ ተመረተ፤ ምርቱ ተመልሶ በአሜሪካ ለሚሸጡ ሲጋራዎች ዋለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን የደረሰበት በብራዚል በፖርቱጋል ቋንቋ የተመዘገበ አንድ የፈጠራ መብት ሰነድ አግኝቶ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የነበሩት ዴቪድ ኬስለር በሰኔ 1994 ጉዳዩን ለምክር ቤቱ አቀረቡ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 14 ቀን፣ የሰባት ኩባንያዎች ሥራ አስኪያጆች በዚያው ምክር ቤት ፊት እጃቸውን አንሥተው ምለው፣ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ ተራ በተራ ተናግረው ነበር። በመጨረሻም በ2006 ዳኛ ግላዲስ ኬስለር (የስም መመሳሰል እንጂ ከዴቪድ ጋር ዝምድና የላቸውም) ከ1600 ገጽ በላይ በሆነ ፍርዳቸው፣ ኩባንያዎቹ የኒኮቲኑን መጠንና አቀራረብ ሱስ ለመፍጠርና ለማቆየት በሚበቃ ልክ ሲያስተካክሉ መኖራቸውን አረጋገጡ።

እንግዲህ ማክረር ከቻሉ ማቅለልስ ይችሉ ነበርን? በሚገባ። ለእኛ ለቡና አገር ሰዎች ታሪኩ የሚገርም ነው። ፊሊፕ ሞሪስ በ1985 ጄኔራል ፉድስን ሲገዛ፣ ካፌይንን ከቡና ለይቶ የማውጣት ጥበብንም አብሮ ወረሰ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በከፍተኛ ግፊት ታምቆ በቡናው ውስጥ ሲያልፍ ካፌይኑን ይዞ ይወጣል። በትምባሆ ሲያልፍ ደግሞ ኒኮቲኑን። በዚህ መንገድ የተሠራና ኒኮቲኑ ከሞላ ጎደል የወጣለት «ኔክስት» የሚባል ሲጋራ በ1989 ለሙከራ ገበያ ላይ ዋለ። ገዢ ስላጣ ብዙም ሳይቆይ ተነሣ። ኩባንያዎቹ ከዚህ «ሕዝቡ አልወደደውም» የሚል ትምህርት ይወስዱ ይሆናል። እኔ የምወስደው ሌላ ነው፤ ያለ ኒኮቲን ገዢ የሚያጣ ሸቀጥ ሲሸጥ የኖረው በጣዕሙ አልነበረም ማለት ነው።

«ላይት» የሚባሉትን ሲጋራዎች ከዚህ ጋር የሚያምታታ አንባቢ ስለሚኖር አንድ ቃል ልጨምር። እነዚያ ኒኮቲናቸው የተቀነሰ ቅጠል አልነበሩም። ፊልተራቸው ላይ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉ፤ የመለኪያው ማሽን ሲስበው አየር በቀዳዳዎቹ ገብቶ ጭሱን ያቀጥነዋል፤ ቁጥሩም ዝቅ ይላል። የሰው ጣትና ከንፈር ግን ቀዳዳዎቹን ይሸፍናሉ፤ ሱሰኛውም ጠለቅ አድርጎ እየሳበ የለመደውን ያህል ያገኛል። አሜሪካ ቃሉን ከፓኮ ላይ ያስወገደችው በ2010 ነው።

ቅጠሉ ውስጥ ያለው ኒኮቲን በእውነት ሲቀነስ ግን ውጤቱ ሌላ ነው። ኒል ቤኖዊትዝና ጃክ ሄኒንግፊልድ የተባሉ ሳይንቲስቶች፣ ሱስ ለማቆየት ከማይበቃ መጠን በታች ኒኮቲንን ቀስ በቀስ የማውረድን ሐሳብ በ1994 አቀረቡ። ብዙዎች «አጫሹ እንዲያካክስ ሁለት እጥፍ ያጨሳል» ብለው ሠጉ። በ2015 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት 840 አጫሾችን ለስድስት ሳምንት ተከታተለ። በአንድ ግራም ትምባሆ 0.4 ሚሊግራም ኒኮቲን ብቻ ያለበትን ሲጋራ ያገኙት በስድስተኛው ሳምንት በቀን ወደ 15 ሲያጨሱ፣ መደበኛ መጠን ያለውን ያገኙት 21 ያህል አጨሱ። ሥጋቱ አልደረሰም፤ ይልቁንም ተቃራኒው ሆነ።

ሳይንሱ ይህን ያህል ከቀና፣ የጎደለው ሕግ ነው። በ2000 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ፣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ በትምባሆ ላይ ሥልጣን አልተሰጠውም ብሎ ወሰነ። ኮንግረስ ሥልጣኑን የሰጠው በ2009 ነው፤ ኒኮቲንን ማሳነስ ይችላል፣ ወደ ዜሮ ማውረድ ግን አይችልም በሚል ገደብ። መሥሪያ ቤቱ በጥር 2025 ያቀረበው ረቂቅ ደንብ በአንድ ግራም ትምባሆ ከ0.7 ሚሊግራም በላይ እንዳይኖር የሚል ነው። የተለመደው ሲጋራ አማካይ 17 ሚሊግራም ገደማ ነው። ኒውዚላንድ በ2022 መጨረሻ 0.8 ሚሊግራምን በሕግ ደንግጋ ነበር፤ ነገር ግን መንግሥት ተለወጠና ድንጋጌው ሥራ ላይ ሳይውል በ2024 መጀመሪያ ተሻረ። አዲሱ መንግሥት ከሲጋራ የሚያገኘው የቀረጥ ገቢ ለገባው የግብር ቅነሳ ቃል እንደሚረዳው ሲነገር ሰምተናል። ይህን ስሰማ፣ ሱሰኛው አጫሹ ብቻ አለመሆኑ ታወሰኝ።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡትን በንቀት ማለፍ አልሻም። ኒኮቲን የሌለው ሲጋራም ይገድላል፤ ታሩና ካርቦን ሞኖክሳይዱ የትም አልሄዱም። ስለዚህ «የቀለለ» ተብሎ ከተሸጠ ማታለል ይሆናል። ከሁሉ የከበደው ግን የኮንትሮባንድ ጥያቄ ነው። ሕጋዊው ሲጋራ ሲለዝብ ሕገወጡ ይከርራል፤ ድንበሩን መጠበቅ የማይችል መንግሥት ሕጉን አውጥቶ ገበያውን ለኮንትሮባንዲስት ማስረከቡ አይቀርም ይላሉ። ይህ ለአሜሪካ ያህል ለእኛም እውነት ነው፤ በየድንበሩ ምን እንደሚገባ የማያውቅ የለምና። በዚህም የተነሣ ነገ ጠዋት በአዲስ አበባ 0.7 ይታወጅ አልልም። ሆኖም «ኮንትሮባንድ አለ» የሚለው መልስ መጠኑን ላለመቀነስ ምክንያት ሊሆን ይችል ይሆናል እንጂ፣ መጠኑን ላለመናገር ምክንያት ሊሆን ከቶ አይችልም።

መናገርስ ይቻላልን? በሚገባ ይቻላል። ፊሊፕ ሞሪስ ኢንተርናሽናል በ2022 የገዛው ስዊዲሽ ማች፣ ከከንፈር ሥር የሚደረገውን ዚን የተባለ የኒኮቲን ከረጢት በአሜሪካ የሚሸጠው «3 ሚሊግራም»፣ «6 ሚሊግራም» ብሎ በቆርቆሮው ላይ ጽፎ ነው። ቁጥሩ ለሽያጭ ሲጠቅም ይጻፋል ማለት ነው።

የእኛው ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ በመንግሥት እጅ የኖረ ነው። በ2016 የጃፓን ቶባኮ ኩባንያ 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በዓመቱ ተጨማሪ 31 በመቶ ያህል በ434 ሚሊዮን ዶላር። አገር ውስጥ ከገባው ገንዘብ መጠን ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ፣ በዚያ ሁሉ የሽያጭ ወሬ መካከል ስለ ሸቀጡ ይዘት አንድም ሰው ሲጠይቅ አለመስማቴ ነው። ዋጋው ተነገረን፤ የአክሲዮኑ ድርሻ ተነገረን። በአንድ ፍሬ ኒያላ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ኒኮቲን እንዳለ የነገረን የለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መልካም ሥራ ሠርቷል። በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ ማስታወቂያን ከልክሏል፤ የፓኮውን 70 በመቶ የሚሸፍን ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ አዟል። ይሁንና መንገድ ላይ ወጣ ብላችሁ ተመልከቱ። ሲጋራ የሚጀምረው ወጣት ፓኮ አይገዛም፤ ከሱቅ በደረቴው አንድ ፍሬ ነው የሚገዛው። ፍሬዋ ላይ ሥዕል የለም፤ ማስጠንቀቂያው ሻጩ ደረት ላይ ቀርቷል። ከጫት ጋር «ለምርቃና» ብሎ የለኮሳት ተማሪ ከስድስት ወር በኋላ ያለ ጫትም ይፈልጋታል። ወዳጆቼ «የራሱ ምርጫ ነው» የሚሉት ስለዚህ ልጅ ነው። ለእሱ የምትደርሰው ብቸኛ ጥበቃ ፍሬዋ ውስጥ ያለችው መጠን ናት፤ እርሷን ደግሞ እሱም እኛም አናውቃትም።

ኢትዮጵያ በ2014 ያጸደቀችው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት፣ በአንቀጽ 9 ስለ ይዘት ቁጥጥር፣ በአንቀጽ 10 ደግሞ አምራቹ የምርቱን ይዘትና የጭሱን ንጥረ ነገር ለመንግሥት እንዲያሳውቅ ስለማድረግ ይደነግጋል። አንቀጽ 10 በዚያ አያበቃም፤ መርዛማ ንጥረ ነገሮቹን በተመለከተ መረጃው ለሕዝብም እንዲገለጽ ይላል። ስለሆነም ለምክር ቤት አባላትና ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። በአገር ውስጥ ለሚሸጥ ለእያንዳንዱ የሲጋራ ስም፣ በአንድ ግራም ትምባሆ ስንት ሚሊግራም ኒኮቲን አለ? ከዓመት ዓመትስ ወጥቷል ወይስ ወርዷል? የለካውስ ማን ነው፣ አምራቹ ራሱ ወይስ የመንግሥት ላቦራቶሪ? መልሱ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ሠንጠረዥ ነው፤ በጋዜጣ ሊታተም ይችላል።