ሙኒክ በሊኑክስ ላይ ምስክር አይደለችም

«ሙኒክ ሊኑክስን ሞክራ ወደ ዊንዶውስ ተመለሰች፤ ስለዚህ አያዋጣም» የሚለው ጽሑፍ ታሪኩን ከወገቡ ቆርጦታል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ወደ ሊኑክስ አሻግራ ነበር፤ በ2017 ልመለስ ያለውም ምክር ቤቱ ነው፣ በድምፅ ብልጫ።

የፈረንሳይ ዣንዳርሜሪ (ወታደራዊው ፖሊስ) ለምን ተዘለለ? እዚያ ቀድሞ የተነካው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አልነበረም። በ2005 ማይክሮሶፍት ኦፊስ በኦፕን ኦፊስ መተካት ጀመረ፤ ፋየርፎክስና ተንደርበርድ ተከተሉ። ዣንዳርሙ ዊንዶውስ ላይ እንዳለ እነዚህን ለመደ። ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ የመጣው ከዚያ ወዲህ፣ በ2008 ነው፤ ማሽኑን ሲከፍት ደብዳቤ የሚጽፍበትና ኢሜይል የሚያይበት ፕሮግራም ያው የለመደው ነው። ዛሬ ከ90 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮቹ በዚሁ ይሠራሉ።

«ሠራተኛው ይደናገራል» የሚለው ሥጋት እውነት አለው። ግን የሚያደናግረው ሁሉን በአንድ ሌሊት መለወጥ ነው። በሌላ በኩል፣ የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ካበቃ በኋላም «ባላችሁበት ቆዩ» ማለት፣ መሥሪያ ቤቶችን ካልከፈሉ የደኅንነት ጥገና በማያገኝ ማሽን ላይ መተው ነው።